ስልካችን ትግላችንን እንዳይበላው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬው ርእሰ አንቀጻችን ስለ አንድ ባለሥልጣን ወይም ስለ አንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። በኪሳችን ይዘነው ወደ መስጊድ ስለምንገባው ስልክ ነው። ጉዳዩ የምክር ብቻ አይደለም፤ የትግላችን ጉዳይ ነው።

በ2004 ከአወሊያ የተነሳው እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄዎች ነበሩት። አወሊያ ሕዝበ ሙስሊሙ በሚመርጠው ቦርድ ይመራ፣ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይካሄድ፣ የአሕባሽ አስተምህሮ በግድ መጫኑ ይቁም የሚሉ ናቸው። የመንግሥት ቴሌቪዥንና ጋዜጣ ለኛ ዝግ በነበሩበት በዚያ ጊዜ ፌስቡክ ትልቅ ባለውለታችን ነበር። ይህን የሚክድ የለም። ግን ያኔ ፌስቡክ የሠራልን ሥራ ምን ነበር? የፊታችን ጁሙዓ ምን እንደሚደረግና ምን እንደማይደረግ ይነግረን ነበር። ያነበበው ላላነበበው ይነግራል፤ ስልክ የሌላቸው አባቶችና እናቶች ሳይቀሩ በቀኑ እንደ አንድ ሰው ሆነው ይገኛሉ። እጅን አጣምሮ ከፍ ማድረጉ፣ አፍን በፕላስተር ሸፍኖ በዝምታ መቆሙ፣ የሰደቃና የአንድነት ዝግጅቱ ሁሉ ሰው በአካል ተገኝቶ የሠራው ነው። የኮሚቴው አባላት በሐምሌ 2004 ሲታሰሩ፣ በሐምሌ 2007 እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው ትግሉን ያጸናው በየመስጊዱ የቆመው ሶፍ እንጂ የላይክ ብዛት አልነበረም።

ኢንተርኔት የማይታመን ምሰሶ መሆኑን ደግሞ ከኛ አካባቢ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በኅዳር 2008 ተቃውሞው ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን ካዳረሰ በኋላ፣ በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋረጠ። በሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገድሎ በትውልድ ከተማው በአምቦ ሲቀበርም አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት አልነበረውም። በአንድ ትእዛዝ የሚጠፋ ነገር የጀማዓ ምሰሶ ሊሆን አይችልም።

ዛሬ ግን መሣሪያው ባለቤቱን መጠቀም ጀምሯል። ከዒሻ ሶላት በኋላ "አንድ ነገር ልይ" ብሎ የተከፈተ ስልክ እኩለ ሌሊት ያልፋል፤ ለፈጅር የሚነሳው ሰው ይሳሳል። ኹጥባ ላይ አጠገብ ያለውን ሰው "ዝም በል" ማለት እንኳ ከንቱ ንግግር እንደሆነ የተማረ ጀማዓ፣ ኢማሙ ሚንበር ላይ ቆመው ስክሪን ሲነካካ ይታያል። ለቤት ወጪ የታሰበው ብር ለፓኬጅ ይሄዳል። ሕፃኑ ቁርኣኑን ሊያሰማ አባቱ ዘንድ ሲቀርብ የአባት ዓይን ሌላ ቦታ ነው።

ይህ የሰው ስንፍና ብቻ ነው ብለን አንፈርድም። ነገሩ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ገጹ መጨረሻ የለውም፤ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱ ይጀምራል። አንዳንዴ ጥሩ ነገር ይመጣል፣ አንዳንዴ ምንም የለም፤ ስለዚህ ጣት እንደ ሎተሪ ፋቂ "ምናልባት ቀጣዩ" እያለ ይቀጥላል። ኩባንያዎቹ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው፤ እኛ የቆየንባት እያንዳንዷ ደቂቃ ገቢያቸው ናት። ሰውን አብዝቶ የሚያቆየው ደግሞ ቁጣ ነው። ፌስቡክ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣ ምልክትን እንደ 5 ላይክ ይቆጥር እንደነበር ከራሱ የውስጥ ሰነዶች ታውቋል። የቀድሞ ሠራተኛው ፍራንሲስ ሆገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ይህ አሠራር በኢትዮጵያ የብሔር ግጭትን እያቀጣጠለ መሆኑን መስክረዋል። ለመስጊዳችን የተቆጣነው ቁጣ፣ ለሞቱብን ወንድሞች ያነባነው እንባ እዚያ ሲደርስ የሚሸጥ ሸቀጥ ይሆናል።

መዘዙንም አይተነዋል። በሚያዝያ 2014 በጎንደር ለቀብር በወጡ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ነፍስ ጠፋ። ቀናት ሳይቆጠሩ በስልጤ ዞን በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በእነዚያ ቀናት እውነተኛውም ሐሰተኛውም ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲሮጥ ነበር። ወራቤ የተቃጠለው ቤት የጎንደሩን ግፍ አላካካሰም፤ የጎንደሩ ተበዳይ ፍትሕ የሚጠይቅበትን አንደበት አከበደበት እንጂ። ሱረቱል ሑጁራት በ6ኛው አንቀጹ ወሬ ሲመጣልን ሳናጣራ ሰዎችን እንዳንጎዳና በሠራነው እንዳንጸጸት ያዘናል። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ያ ብቻ ለውሸታምነት እንደሚበቃው ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። "ሼር" ማለት ማውራት ነው፤ ጣት ስለሠራው ከምላስ ተጠያቂነት አያመልጥም።

በቲክቶክ ላይቭ በየሌሊቱ የሚካሄደውን የሃይማኖት ስድድብም በዚሁ እናየዋለን። እኛ በምዕራብ ሸዋ ቁጥራችን ጥቂት ነው። ሐዘን ሲደርስብን ድንኳን የሚተክልልን፣ ገበያ ላይ ዱቤ የሚሰጠን ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ጎረቤታችን ነው። ሌሊት የት እንዳለ የማናውቀው ሰው በሰደበን ስድብ ጠዋት ጎረቤታችንን መለካት ለዲናችንም ለሰፈራችንም አይበጅም። ያ ላይቭ ከፋቹ ስጦታውን ሰብስቦ ይተኛል፤ ከጎረቤቱ ጋር የሚኖረው የአምቦና የጌዶ ሙስሊም ነው።

ከሁሉ በላይ ስልኩ የሚጎዳን የሠራን እያስመሰለ ነው። በ2015 በሸገር ከተማ በርካታ መስጊዶች ሲፈርሱ፣ በግንቦት ወር በታላቁ አንዋር መስጊድ የተቃወሙ ወንድሞቻችን ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ምስላቸውን ያላጋራ አልነበረም። አስተዳደሩ ያቀረበው ምክንያት ግን መስጊዶቹ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የሚል ነበር። ግፉን አንቀበልም፤ ትምህርቱን ግን መውሰድ አለብን። መስጊድን የሚጠብቀው ካርታው ነው፤ ካርታውን የሚያመጣው ማመልከቻ ጽፎ፣ ግብሩንና ደረሰኙን አደራጅቶ፣ ወደ ማዘጋጃ ቤት አሥር ጊዜ የሚመላለስ ሰው ነው። የቁጣ ምልክት ነክቶ የሚተኛ ሺህ ሰው የዚያን አንድ ሰው ሥራ አይሠራም።

"ታዲያ ስልክ እንጣል?" የሚል ይኖራል። አላልንም። በዓረብ አገር ያለች እህታችን ድምፅ የሚሰማው በስልክ ነው፤ ተማሪው ይማርበታል፣ ነጋዴው ይነግድበታል፣ በደልም ይጋለጥበታል። የምንለው ስልኩ ወደ አገልጋይነቱ ይመለስ ነው። ስለዚህ ከፊታችን ጁሙዓ ጀምሮ ለአራት ሳምንታት የሚከተለውን በጋራ እንድንሞክር ጥሪ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለጁሙዓ ስልኩን ቤት ትተን እንምጣ፤ ያልቻለ ከደጅ አጥፍቶ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከዒሻ እስከ ፈጅር ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ለመንቂያ ከሆነ የጠረጴዛ ደወል ሰዓት ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከጥሪና ከመልእክት በቀር የፌስቡክ፣ የቲክቶክና የቴሌግራም ማንቂያ ድምፆችን እንዝጋ። በቀን አንድ ቁርጥ ያለ ሰዓት መርጠን በሱ ብቻ እንግባ፤ ሰዓቱ ሲሞላ እንውጣ።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ጀማዓ ሁለት ወይም ሦስት የታመኑ ሰዎችን ይምረጥ። እነሱ መረጃውን ተከታትለው፣ ወደ ቦታው ደውለው አጣርተው፣ ከሶላት በኋላ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይንገሩን። እንዲህ ከሆነ መረጃ አያመልጠንም፤ መቶ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚያሳድደውን ወሬ ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት ያጠራዋል።

አምስተኛ፣ የተረፈውን ጊዜ ባዶ አንተወው፤ ባዶ ጊዜ ስልኩን መልሶ ይጠራል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ የቁርኣንና የኪታብ ደርስ ይኑር። በሳምንት አንድ ቀን የታመመን እንጠይቅ። ወጣቶች የመስጊዱን ሰነዶች በማደራጀት አዛውንቱን ያግዙ።

ለወላጆች አንድ ቃል አለን። ልጁን "ስልክ ተው" የሚል አባት መጀመሪያ የራሱን ያስቀምጥ። ልጅ የሚከተለው የተነገረውን ሳይሆን ያየውን ነው። ለወጣቶችም እንላለን፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል፣ ልብ ይቅበጠበጣል። ይህ የልማድ ጩኸት ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ይደክማል። በረመዷን ከፈጅር እስከ መግሪብ ምግብና ውሃን የሚተው ሰው ይህን አያቅተውም።

ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ጸጋዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ጊዜያችን የትግላችን ስንቅ ነው፤ ስንቁን ለሌላ ያስበላ መንገደኛ ከሚደርስበት አይደርስም። ከአራት ሳምንት በኋላ የፈጅሩን ሶፍ እንቁጠር፤ ውጤቱን እዚያ እናየዋለን፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጊዜያችንን ይባርክልን፤ አንድነታችንን ያጽናልን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!