«በኋላ ይመለስልሻል» የሚሉትን ቅናሽ አልቀበልም

ባለፈው እሁድ ከኮምፒውተር ትምህርት በኋላ አንዲት እህታችን «አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ፣ ሃርድ ዲስክ በፖስታ ተመላሽ ሲኖረው አስገዙ፤ በግማሽ ዋጋ ይገኛል» ብላ ስትመክር ሰማሁ። ወዲያው ወረቀት ዞረና ሁሉም ስሙን ጻፈ። እኔ ዝም አልኩ። ቡና እየተቀዳ ክርክር ማንሳት አፍሬ ነው። አሁን ግን እናገራለሁ። ግማሽ ዋጋ አይደለም፣ ቅናሽም አይደለም።

ለማታውቁት ላስረዳ። አሜሪካ አንዳንድ ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋ ይጻፋል። በትልልቅ ቁጥር የሚጻፈው «ከተመላሽ በኋላ» የሚሉት ዋጋ ነው። ሱቁ ውስጥ ግን የምትከፍይው ሙሉውን ነው። ልዩነቱን ለማግኘት ቅጽ ትሞያለሽ፣ ከካርቶኑ ላይ ባርኮዱን በመቀስ ትቆርጫለሽ፣ ደረሰኙን ጨምረሽ ፖስታ ውስጥ ትከቻለሽ፣ ቴምብር ለጥፈሽ ቀኑ ሳያልፍ ትልኪያለሽ። ከዚያ ስድስት ሳምንት፣ ስምንት ሳምንት መጠበቅ ነው። አሁን አሁን ቅጹ በኢንተርኔት የሚሞላበትም አለ፤ መጠበቁ ግን ያው ነው።

የእኔን ልንገራችሁ። ልጄን ትቻት ስመጣ ዳዴ ትል ነበር፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። መሃል ላይ ያለው ዕድሜዋ እኔ ጋ ያለው በፎቶና በቪዲዮ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ማዳም አንድ ቀን ተናዳ ስልኬን ግድግዳ ላይ ስትወረውረው የአንድ ዓመት ፎቶ አብሮ ሄደ። ሁለተኛ እንዳይደገምብኝ ብዬ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ፈለግኩ። ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ አገኘሁልሽ አለችኝ፤ 89 ዶላር ነው፣ 30ው ሲመለስ 59። እኔ 59 ላክሁ። እሷ 89 ከፈለች፣ ቀረጡም የታሰበው በ89ኙ ላይ ነው። ሁለት ሥራ የምትሠራ ልጅ ናት፣ እንደዚያም ሆኖ ቅጹን በጊዜው ላከች። ከአሥር ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። «ዋናው ደረሰኝ አልተያያዘም» ይላል። እሷ ከትቻለሁ ብላ ትምላለች። ማንን ትጠይቅ? ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ ብትደውል ሙዚቃ ብቻ ያሰሟታል።

እኔን አልጠየቀችኝም። ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለእናቴ ነገሩ፣ እናቴ ደውላ «የሰው ገንዘብ በላሽ እንዴ?» አለችኝ። የዚያን ቀን ሌሊት አልተኛሁም። 30 ዶላሩን ከነማስተላለፊያው ላክሁ። ደሞዜ 200 ዶላር ነው፤ ከአራት ቀን በላይ የሰው ቤት የጠረግኩበት ማለት ነው። ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ አልዋሽም፣ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባይሠራስ ኖሮ? ባርኮዱ የተቆረጠ ካርቶን ይዘሽ ብትሄጂ አብዛኛው ሱቅ አይመልስልሽም።

እኔን የሚያናድደኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ይህን ንግግር አውቀዋለሁ። ስልኬን የሰበረችው ማዳም «ደሞዝሽን አጠራቅሜ ስትሄጂ አንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ብላ ሰባት ወር ይዛብኛለች። ስጠይቃት «የፈረምሽበት ወረቀት የታለ?» አለችኝ። ገንዘቤ በሰው እጅ፣ ወረቀት አምጪ የምባለው ግን እኔ። ከእናንተ መሃል ይህ ያልደረሰባት ስንት ናት? ታዲያ ከዚህ ቤት የሸሸነውን ነገር ሱቅ ውስጥ በገዛ ገንዘባችን እንግዛው?

«በጥንቃቄ የሞላ ሰው ይመለስለታል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ የሚመለስላቸው አሉ። ግን ሁሉም ቢጠይቅ ኖሮ ኩባንያው እንዲህ ከሚያለፋ ዋጋውን እዚያው ሱቅ ውስጥ በቀነሰ ነበር። የሚረሳ፣ ቀን የሚያልፍበት፣ ደረሰኝ የሚጠፋበት ሰው እንዳለ አስቦ ነው የሚጀምረው። ቤስት ባይ የሚባለው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በ2005 በፈረንጆች ይህን አሠራር በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚተው ያስታወቀው ደንበኛው ስለተማረረ ነው። አሜሪካዊው በስሙ አድራሻና የፖስታ ሳጥን ያለው ሆኖ ከተማረረ፣ በማዳም ቤት የምንኖር፣ ፓስፖርታችን እንኳ እኛ ጋ የሌለ፣ በዘመድ በኩል የምንገዛው ምን ልንሆን ነው?

ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ ዛሬ ከእጃችሁ የሚወጣውን ብቻ ቁጠሩ፣ በቴራውም አካፍሉት። ሌላ ሱቅ ያንኑ 1 ቴራ ያለ ወረቀት በ75 ከሸጠ ርካሹ እሱ ነው። የግድ በተመላሽ ከተገዛም ቅጹ፣ ደረሰኙና ባርኮዱ ከመላኩ በፊት ፎቶ ይነሳ፤ በዚያው ቀን ይላክ። (1 ቴራው ኮምፒውተር ላይ 931 ጊጋ ቢላችሁ አትደንግጡ፣ አልተሰረቃችሁም። ፋብሪካው በ1000 ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። እሁድ ገበያ በ10 ዶላር «16 ቴራ» የሚሏችሁ ግን ሌባ ነው፤ ውስጡ ትንሽ የስልክ ሚሞሪ ነው ያለው።)

ስማችሁን የጻፋችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ዘመዳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ተመላሹ ባይመጣ የሚከፍለው ማነው? መልሱን በድምፅ መልእክት ይላኩላችሁና አስቀምጡት። እናታችሁ የምትደውልበት ቀን ያስፈልጋችኋል።