አንድ ገበታ አዎን፤ አንድ ምላጭ ግን አይሆንም!



ዛሬ የምንጽፈው ስለ ምላጭ ነው። አንዳንዱ አንባቢ ገና አርእስቱን አይቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። «የአገሩ ጉዳይ ሁሉ ተጽፎ አለቀና ወደ ፂም ወረዳችሁ?» የሚለንም አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። የሰው ደም የሚነካ ነገር ሁሉ ቁም ነገር ነው። በየጠዋቱ በመታጠቢያ ቤት የምናደርገው ነገር፣ በዓመት አንድ ጊዜ በአዳራሽ ከምናሰማው ዲስኩር ይልቅ ስለ ማንነታችን ይመሰክራል።

እኛ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜ፣ ከአንጋጫና ከሺንሺቾ የመጣን ተማሪዎች ነን። በሐዲያም ሆነ በከምባታ ከተሞች ምላጭ ያልገባበት ቤት አናውቅም። ሱቅ በደረቴው ከማስቲካና ከክብሪት ጋር ይዞት ይዞራል፤ ባለሱቁም በፍሬ ይሸጠዋል። የሕፃን ራስ የሚላጨው በምላጭ ነው። ጥፍር የሚቆረጠው፣ ስፌት የሚተረተረው፣ እርሳስ የሚቀረጸው በምላጭ ነው። ነገር ግን ይኸን ሁሉ ሥራ የሚሠራው ምላጭ የሚያዘው በባዶ ጣት ነው፤ አለዚያም ለሁለት ተሰብሮ ነው። ምላጩ በየጎጆው ገባ፤ እጀታው ግን ሱቅ ቀረ። ከዕቃው ስለቱን ተቀብለን ጥንቃቄውን መለስነው ማለት ነው።

ጥንቃቄው ምን እንደ ሆነ እንናገር። በቀድሞ ጊዜ ፂም የሚላጨው ገላጣ በሆነ ረጅም ስለት ነበር። እሱን መሳልና መያዝ የባለሙያ እጅ ይጠይቃል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለው አሜሪካዊ ሌላ ዘዴ ለገበያ አቀረበ፤ ይኸውም ስስ ምላጭ በእጀታና በክዳን መካከል ይታሰራል፤ ብቅ የሚለው የስለቱ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሲደንዝም ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ1903 ኩባንያው የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በተከታዩ ዓመት ግን የተሸጠው መላጫ ወደ 90 ሺህ ደረሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት መላጫውን በሚሊዮን እየገዛ ለወታደሮቹ አደለ። የመጀመሪያው የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1921 ሲያበቃ ማንኛውም ፋብሪካ ምላጩን ለመሥራት ቻለ። ስለዚህ ዛሬ ከሕንድ ይምጣ ከግብጽ፣ ሁለት አፍ ያለው ምላጭ ለዚሁ በተሠራ በማንኛውም እጀታ ይገባል።

በዚህ መንፈቅ በአንድ ማደሪያ ክፍል የምንኖር ተማሪዎች ተነጋግረን እያንዳንዳችን የየራሳችንን የብረት መላጫ ገዛን። አብዛኞቻችን ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ዕቃ በእጃችን ይዘን አናውቅም ነበር። ያገኘነውን ሳንሸሽግ እናካፍላችኋለን።

ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች የጠዋት ውሃዋ ያንቀጠቅጣል። በደረቅ ፊት ላይ ስለት ማሳረፍ ደግሞ መላጨት ሳይሆን ፂም መንጨት ነው። ስለዚህ አንደኛ፣ ፂሙ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ይራስ፤ ሳሙናውም በደንብ አረፋ ያውጣ። ሁለተኛ፣ ስለቱ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይሥራ። ጂኦሜትሪ ምን ይጠቅማል ለሚሉን ይኸው ጠቀመ! ሦስተኛ፣ አትጫኑ! እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ በሙሉ ክንዳቸው እንደሚጫኑ እናውቃለን፤ ቆጮ በጉልበት ይገኛል። ፂም ግን በጉልበት አይነሣም፤ የብረቱ ክብደት ራሱ ይበቃዋል። አራተኛ፣ በአጭር በአጭሩ፣ ፂሙ ወደ ተኛበት አቅጣጫ፣ በየመካከሉ መላጫውን ውሃ እያስነኩ ይሂዱ። የሚቸኩል ሰው ይቆረጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ይኸን ስንል ሁለት ተቃውሞ ይቀርብብናል። የመጀመሪያው «ይኸ የአያቶች ዕቃ ነው፤ ዘመኑ የባለ ሦስትና የባለ አምስት ስለት ነው» የሚል ነው። እንመርምረው። ባለ ሁለት ስለቱ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ባለ ሦስቱ በ1998፣ ባለ አምስቱ በ2006 ለገበያ ወጣ። ስለቱ እየበዛ ሄደ፤ የእኛ ፂም ግን ያው ጥምዙ ፂም ነው። በእነዚህ መላጫዎች የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ሲስበው የኋለኛው ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጫፍ ከቆዳ በታች ያፈገፍጋል። ለዞማ ፀጉር ይኸ ልስላሴ ነው። ጥምዝ ፀጉር ግን ተመልሶ ሲያድግ የገዛ ሥጋውን ይወጋል፤ በብዙዎቻችን አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት ከዚህ የሚመጣ ነው። ነጠላ ስለት በቆዳው ልክ ስለሚቆርጥ ጉዳቱ ይቀንሳል። ፈጽሞ ይጠፋል አንልም። አንገቱ ክፉኛ የሚያብጥበት ሰው ፂሙን በቶንዶስ አሳጥሮ ቢተወው ከየትኛውም ምላጭ ይሻለዋል። ነገር ግን ለአንገታችን የማይስማማውን ዕቃ ዘመናዊ ስለ ተባለ ብቻ በውድ መግዛት፣ እሱም ከራሱ እጀታ በቀር በሌላ የማይገባ ሲሆን፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ካልሆነ ምን ይባላል? አዲስ ሁሉ ዕድገት አይደለም፤ አሮጌም ሁሉ ኋላ ቀር አይደለም። የተማረ ሰው ዕቃን በሥራው እንጂ በማስታወቂያው አይመዝንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ልባችንን የሚነካ ነው። «ወንድማማች ነን፤ ከአንድ ገበታ እየበላን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እያደርን፣ በምላጭ እንሰሳሰት?» ይባላል። እውነት ነው፤ አገራችን መካፈልን ያስተማረች አገር ናት። ብቻውን የሚበላ ሰው በሰፈራችን ስም የለውም። ግን ምግብን መካፈልና ደምን መካፈል አንድ አይደሉም! ምላጭ ባይቆርጥም ቆዳን ይፍቃል፤ ለዓይን የማትታይ የደም ጠብታ ስለቱ ላይ ትቀራለች። ወንድሙን የሚወድ ሰው ጉርሻውን ይስጠው፣ ብርድ ልብሱን ይስጠው፣ የመጨረሻዋን ሣንቲም ያበድረው፤ የላጨበትን ምላጭ ግን አይስጠው።

«ደሙ ደርቋል፤ ታጥቧል» የሚሉን አሉ። ስለ ኤች አይ ቪ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ሰማን፣ ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቶሎ እንደሚዳከም የሚያውቁም በዚህ ይጽናናሉ። ነገር ግን በደም የሚተላለፈው በሽታ እሱ ብቻ ነውን? ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ድረስ የመበከል ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ሰኞ የተላጩበት ምላጭ ዓርብም ያው አደገኛ ነው ማለት ነው። በሽታው ሥር ከሰደደ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉበትን እስከ ማኮማተርና እስከ ካንሰር ያደርሳል። በየሰፈራችን ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ነው» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይባላል። ወፏን እንከሳለን፤ ምላጩን ግን አንጠይቅም!

ደግሞም ይኸን ልብ በሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በአገራችን የሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ በሕፃንነታችን በመደበኛው ክትባት አላገኘነውም። በዚህ ግቢ ከሚመላለሱት ተማሪዎች ስንቱ፣ ከመምህራኑስ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ ዓመት በፊት የተወለዱ አይደሉምን? እንግዲህ ስለ ሌላ ሰው የምናወራ አይምሰላችሁ።

ምላጭ በእኛ አገር ከፂም የከበደ ታሪክም አለው። በከምባታም በሐዲያም ሴቶች ልጆች ሲገረዙ መሣሪያው በአብዛኛው ይኸው ባለ ሁለት አፉ ምላጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእኅታቸው ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ቶፔ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ይኸን ልማድ ተነሡበት። ሰው በጉልበት አላስገደዱም። ሽማግሌውን፣ እናቱን፣ ልጃገረዲቱንና ጐረምሳውን አንድ ላይ አስቀምጠው አወያዩ። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የወንጀል ሕግ ግርዛቱን ከለከለ። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 ቢያርፉም ከምባታ በዚህ ረገድ ለዓለም ምሳሌ ሆና ተጠቅሳለች። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ምላጩ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው እጅ ነው፤ እጅን የሚመራውም ልማድ ነው፤ ልማድም በውይይት ይለወጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ያን የሚያህል ከባድ ነገር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከተነጋገሩበት፣ እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ሰዎች ስለ አንድ ፂም መላጫ ለመነጋገር እናፍራለንን?

ሌላም አለ። ምላጭ ሲደንዝ የት ይሄዳል? በአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይበጅ ነበር፤ ያገለገለው ምላጭ በዚያ ወደ ግድግዳው ሆድ ይጣል ነበር። እኛ ግን በመስኮት ጠርዝ፣ በአልጋ ሥር፣ በቆሻሻ ቅርጫት ራቁቱን እንጥለዋለን። ቅርጫቱን በባዶ እጇ የምትገለብጠው ማን ናት? የእናታችን እኩያ የሆነች፣ ከእኛ ቀድማ በጨለማ የምትነሣ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ስለ ድሀው ሕዝብ መብት ማታ ተከራክረን፣ ጠዋት የድሀዋን ጣት የሚቆርጥ ምላጭ ከጣልን፣ ክርክራችን ከንቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን፦

1ኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መላጫና የራሱ ምላጭ ይኑረው፤ አያውስም፣ አይዋስም።

2ኛ፣ በየማደሪያው ኮሪደር አፉ የተደፈነ፣ አናቱ ላይ የምላጭ ስፋት ያህል የተቀደደ ባዶ ጣሳ ይቀመጥ። ማኅበራችን ይኸን ለማድረግ በጀት አያስፈልገውም፤ ጣሳና ሚስማር ይበቃዋል።

3ኛ፣ ፀጉር ቤት የምንሄድ ሁሉ ለአንገትና ለግንባር ጠርዝ አዲስ ምላጭ ዓይናችን እያየ እንዲከፈት እንጠይቅ። መጠየቅ ባለሙያውን መናቅ አይደለም፤ እሱም ደንበኛውን እንዲጠብቅ ማገዝ ነው።

4ኛ፣ የጤና ትምህርት ክፍል መምህራን ስለ ሄፓታይተስ ቢ ምርመራና ክትባት በአንድ ምሽት እንዲያስረዱን በትሕትና እንለምናለን። እናንተ ካላስተማራችሁን ወፏ ተከስሳ ትቀራለች።

ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ ለታናናሾቻችን ከደብተርና ከብዕር ጋር አንድ እጀታ እንውሰድላቸው። አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል፤ እኛም ከመላጨት መማር ይቅደም እንላለን። ፊቱን ያሳመረ ሁሉ ሥልጡን አይባልም። ሥልጡን ማለት የራሱን ፊት ሲያሳምር የወንድሙን ደምና የእናቲቱን ጣት የሚያስብ ነው።

ገበታችን አንድ ይሁን! ምላጫችን የየራሳችን ይሁን!