አረንጓዴ ወይስ ቀይ? የማነጣጠሪያ ነጥብ ቀለምና የዓይናችን ሳይንስ

የስፖርት ተኩስና አደን በተስፋፉባቸው አገሮች፣ በተለይም በሰሜን አሜሪካ፣ በጠመንጃና በሽጉጥ የፊት ማነጣጠሪያ ላይ የምታበራ የምትመስል አንዲት ባለቀለም ነጥብ ማየት የተለመደ ሆኗል። ነጥቧ ባትሪም ሆነ አምፖል የላትም። ውፍረቷ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ፋይበር ኦፕቲክ ቁራጭ ናት። ቀለም ለመምረጥ የሚያመነታ ገዢ አዘውትሮ የሚሰማው ምክር ደግሞ የሰው ዓይን ከቀለማት ሁሉ ይበልጥ ለአረንጓዴ ንቁ ስለሆነ አረንጓዴውን መውሰድ ይበጃል የሚል ነው። አንባቢያችን ስለ መሣሪያ ማንሳታችን ሊያስገርመው ይችላል። እኛን የሳበን መሣሪያው ሳይሆን በሳይንስ ስም የሚሰጠው ይህ ምክር ነው፤ በእኛ እምነት ምክሩ ግማሽ እውነት ነው።

በመጀመሪያ የነጥቧን አሠራር እንመልከት። ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ፋይበር ብርሃንን ከጫፍ ወደ ጫፍ ያስተላልፋል እንጂ በጎኑ የመጣውን ይዞ አያስቀርም፤ በአንዱ ጎን የገባው በሌላው ጎን ይወጣል። የማነጣጠሪያው ፋይበር ግን ፍሎረሰንት ቀለም ተቀላቅሎበታል። የቀለሙ ሞለኪውሎች አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን የቀን ብርሃን ውጠው፣ ረዘም ባለ የሞገድ ርዝመት በየአቅጣጫው መልሰው ይረጩታል። የእምብርቱ የብርሃን ስብረት ቁጥር 1.59፣ የሽፋኑ 1.49 ቢሆን፣ በሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ተይዞ ወደ እያንዳንዱ ጫፍ የሚጓዘው ከተረጨው ብርሃን 3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሆኖም ከፋይበሩ ርዝመት ሁሉ የተሰበሰበው በጠባቧ ጫፍ ስለሚወጣ ነጥቧ ደምቃ ትታያለች። የቅንጣት ፊዚክስ ተመራማሪዎችም በመመርመሪያ መሣሪያዎቻቸው የሚጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ነገር እንረዳለን። አረንጓዴው ፋይበር መዋጥ የሚችለው ከአረንጓዴ የሚያጥሩትን ሞገዶች ብቻ ሲሆን፣ ለቀዩ ግን ሰማያዊውም አረንጓዴውም ሊመግቡት ይችላሉ። ስለዚህ ስለ ዓይን ንቃት ብቻ ማውራት የፋይበሩን ገቢ መዘንጋት ነው።

የዓይን ንቃትስ ቢሆን? በቀን ብርሃን የዓይናችን ንቃት ከፍተኛ የሚሆነው በ555 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ይህም ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። ይሁን እንጂ በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሰንጠረዥ መሠረት በ510 ናኖሜትር ላይ ያለው አረንጓዴና በ610 ናኖሜትር ላይ ያለው ብርቱካንማ ቀይ እኩል ናቸው፤ የሁለቱም ንቃት ከከፍተኛው ግማሽ ያህል ነው። በ650 ናኖሜትር ያለው ጥልቅ ቀይ ግን ወደ 11 ከመቶ ይወርዳል። እንግዲህ «አረንጓዴ» እና «ቀይ» የሚሉት ስሞች ብቻቸውን ምንም አይነግሩንም።

ለአረንጓዴው የሚከራከሩ ወገኖች ሲመሽ የዓይን ንቃት ወደ አጫጭር ሞገዶች እንደሚያዘነብል ያስታውሱናል። ይህ በቼኩ ሳይንቲስት በፑርኪንዬ ስም የሚጠራው ክስተት እውነት ነው። ነገር ግን ክስተቱ የሚመነጨው በደብዛዛ ብርሃን ከሚሠሩት ሮድ ሕዋሳት ነው፤ አነጣጣሪ ነጥቧን የሚመለከትበት የሬቲና መሐል ደግሞ ሮድ የለውም። ሰማያዊ ፋይበርም የማይመከረው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ለሰማያዊ ንቁ የሆኑት ኮን ሕዋሳት በዚያው መሐል ስፍራ አይገኙም።

ከድምቀት ይልቅ የሚበልጠው ንፅፅር ነው። በኦሎምፒክ የሽጉጥ ውድድር ተወዳዳሪዎች የሚጠቀሙበት የፊት ማነጣጠሪያ ምንም የማያበራ ጥቁር ብረት ነው፤ ከነጭ ሰሌዳ ፊት ጥቁር ቁልጭ ብሎ ይታያልና። አረንጓዴ ነጥብ በቅጠል መካከል ስትጠፋ፣ ቀይዋ ደግሞ በብርቱካንማው የበረራ ኢላማ ላይ ትደበዝዛለች።

ሆኖም በዚህ ክርክር ውስጥ እጅግ የሚያሳስበን «የሰው ዓይን» የሚለው ነጠላ አነጋገር ነው። የማን ዓይን? የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች 8 ከመቶ ያህሉ፣ ከሴቶቹ ደግሞ 0.5 ከመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን በመለየት ረገድ ጉድለት አለባቸው። በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ቁጥሩ ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም። ከእነዚህ ወንዶች ሩብ ያህሉ ለቀይ ንቁ የሆነው የኮን ዓይነት የሌላቸው ወይም የተለወጠባቸው ናቸው፤ ለእነርሱ ቀይዋ ነጥብ ቀለሟ መለወጡ ብቻ ሳይሆን ድምቀቷም ይቀንሳል። የቀሩት የቀዩን ድምቀት ያያሉ፤ አረንጓዴውን ግን ከነጭ ወይም ከቢጫ ሊያምታቱት ይችላሉ።

በአቶም ንድፈ ሐሳቡ የምናውቀው ጆን ዳልተን ከነዚህኞቹ አንዱ ነበር። ስለ ገዛ ዓይኑ በ1794 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ጽሑፍ ጉድለቱ የመጣው በዓይኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሰማያዊ ቢሆን ነው ሲል ገመተ፤ ከሞተ በኋላም ዓይኑ እንዲመረመር ፈቀደ። በ1844 እ.ኤ.አ. ሲሞት ፈሳሹ ጥርት ያለ ሆኖ ተገኘ። ተጠብቆ ከቆየው የዓይኑ ቁራጭ የተወሰደ ዲ ኤን ኤ በ1995 እ.ኤ.አ. ሲመረመር፣ ለአረንጓዴ ንቁ የሆነው የቀለም ተቀባይ ዘረ መል እንደሌለው ታወቀ። ዳልተን ዛሬ ሱቅ ገብቶ ቢጠይቅ የሚሰጠው ምክር ከሌላው ሰው ምክር አይለይም ነበር።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጥቧን ለማግኘት የሚታገል ሰው ትኩረቱን ከኢላማው፣ ይባስ ብሎም ከኢላማው ባሻገር ካለው ነገር ላይ ያነሳል፤ በጥይት ጉዳይ ደግሞ ከባሻገር ያለውን ማወቅ የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ አምራቾች የተለያየ ቀለም ያላቸውን ፋይበሮች አብረው ማቅረባቸውን እንደግፋለን፤ የሚለወጠው ቁራጭ ርካሽ ነው። ገዢም በሱቅ መብራት ሥር መወሰኑን ትቶ ነጥቧን ከሚጠቀምበት ስፍራና ሰዓት ጋር ያመሳክር።

ለተማሪዎቻችን መሣሪያ ጨርሶ የማይሻ ሙከራ አለን። በጥቁር ካርቶን ላይ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው አረንጓዴ፣ ቀይና ቢጫ ነጥቦች ፍሎረሰንት በሆነ ቀለም ይሥሩ። ካርቶኑን በክንድ ርቀት፣ 65 ሴንቲሜትር ያህል፣ በመያዝ ከዛፍ፣ ከአፈርና ከግድግዳ ፊት፣ በቀትርና በምሽት ይመልከቱት። አሥር ጓደኞችዎ ከነገሩ ሳይመካከሩ የትኛው ነጥብ ቀድሞ እንደታያቸው ይጻፉ፤ ከብዙኃኑ የተለየ መልስ የሰጠውን ሰው መዝገብም አይሰርዙት።