መጫወቻ ነው አላችሁ?

ትናንት በመምህራን ስብሰባ ላይ «ክፍለ ጊዜ በመጫወቻ እያባከነ ነው» ተብዬ በቃለ ጉባኤ ተያዝኩ። መልስ ስጥ ተብዬ የተፈቀደልኝ ሁለት ደቂቃ ነበር። አልበቃኝም። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው፤ ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ የግላይደር ኪት በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው፣ በክንፉ ብቻ አየር ላይ እየተንሳፈፈ የሚሄድ አውሮፕላን ነው። የኔው ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 2 ሜትር ነው። የሚሰራው ባልሳ ከሚባል፣ ከደቡብ አሜሪካ ከሚመጣ በጣም ቀላል እንጨት ነው። መሬት ላይ ቆመህ በሪሞት ጅራቱን ታዛለህ፤ በቃ። ካሜራ የለውም። ሁሉ ነገር ተገጥሞ አንድ ኪሎ አይሞላም።

እንጨቱ ያለችግር ገባ። ሪሞቱ «ድሮን ነው» ተብሎ ተያዘ። አንድ ወር ሙሉ ወረቀት ይዤ ተመላለስኩ። አልፈርድም፤ በዚህ ዘመን ድሮን የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል፣ ምክንያቱን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ጥይትና ቡሽ ሁለቱም ይበራሉ ተብሎ በአንድ ዓይን ይታያሉ እንዴ?

ከተለቀቀልኝ በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ከትምህርት ሰዓት ውጭ በትምህርት ቤቱ ስቶር ውስጥ ሰራነው። ሁለት ወር ፈጀ። የክንፉን አጥንቶች አንድ በአንድ አሰለፍን፣ በሙጫ አጣበቅን፣ ስስ ፕላስቲኩን በካውያ ወጠርነው። ክፍለ ጊዜ የነካሁት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም የስበት ማዕከልን ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ከመሳል ግላይደሩን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ አሳየሁ። ወንጀሌ ይሄ ነው።

ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወረወርነው። አፍንጫውን ወደ ላይ ቀና አደረገ፣ ፍጥነቱ ሞተ፣ ተደፋ። እንደገና ወረወርን። ያው። ሦስተኛው ላይ አፍንጫው ተሰበረ። እኔ ሪሞቱን ስነካካ፣ አንዱ ጎበዝ ተማሪ «ፎርሙላው» ሲል፣ ፊዚክስ ላይ ከመቶ 28 ያመጣ፣ አባቱ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ከኋላ ሆኖ እንዲህ አለ፦

«ቲቸር፣ ጭነቱ ወደ ኋላ በዝቷል። ጋሪም እንዲህ ነው፤ ኋላው ሲከብድ ፈረሱን ያንጠለጥለዋል።»

ልክ ነበር! የስበት ማዕከሉ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ የክንፉ ስፋት አንድ ሦስተኛ አካባቢ ላይ መዋል ነበረበት፤ እኛ ባትሪውን ወደ ኋላ ገፍተን አስቀምጠን ነበር። የተሰበረውን ጠግነን፣ ባትሪውን ወደ ፊት አመጣን፣ አፍንጫው ውስጥ ብሎን ጨመርን። በሚቀጥለው ቅዳሜ 19 ሴኮንድ በረረ። 19 ሴኮንድ ለናንተ ምንም ነው። ያ ልጅ ግን ዕድሜውን ሙሉ «አይገባውም» ሲባል የኖረውን ትምህርት ለካ ያውቀው ኖሯል።

ሌላዋ ተማሪ ደግሞ «ለምንድነው እንዲህ ፈጥኖ የሚያርፈው? ወረቀቱ ላይ ቀስ ብሎ ያርፋል ይላል» አለች። ተቀምጠን አሰላን። ገላን ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ10 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ቦሌም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለ ነው አውሮፕላኖቹ ለመነሳት ረጅም ሜዳ የሚፈልጉት፤ ማኮብኮቢያው ወደ 3,800 ሜትር ይጠጋል። ዴንሲቲ የሚለውን ቃል ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ ግን አልነበረም።

አሁን ወደ ከሳሾቼ ልምጣ።

«ለፈተና አይጠቅምም» አላችሁ። እሺ። በ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነው። በ2017 8.4 ሲደርስ አጨበጨብን። እነዚህን ልጆች ያስተማረው ግላይደር ነው? ያስተማረው ቾክ ነው፤ የናንተም የኔም ቾክ። አንድ ባልሳ አገር ያድናል እያልኩ አይደለም፣ አላበድኩም። ባዶ ሆዱን የሚመጣ ተማሪ አለ፣ ደሞዙ ወር የማያደርሰው መምህር አለ። ግን በሚጠቅመው መንገድ 92 ከመቶው ከወደቀ፣ የማይጠቅመውን ለመሞከር ምን እንፈራለን?

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። 9ኛ ክፍል ስንገባ ከሳተላይት የሚያስተምር ቴሌቪዥን ክፍላችን ውስጥ ተተከለ። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር። ጥያቄ ስንጠይቀው አይሰማም። ያኔ ማንም «መጫወቻ ነው» አላለም፤ ውድ ነበራ።

«የሀብታም አገር ነገር ነው» ያለውም አለ። ኪቱ አንድ ነው፣ ልክ ነህ ወንድሜ። ተማሪዎቹ ግን የክንፉን ቅርጽ ካርቶን ላይ ገልብጠው፣ ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎምና ከሸምበቆ በእጅ የሚወረወሩ አራት ትናንሾች ሰርተዋል። ወጪው ሙጫ ብቻ ነው።

«አደጋ አለው» ላለው ግን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ሰማያችን የመንገደኛ አውሮፕላን ሰማይ ነው፤ ቀልድ የለም። ለዚህ ነው ዝቅ አድርገን፣ ከዓይናችን ሳናርቅ፣ ሰው በሌለበት፣ ቀበሌው እያወቀ የምናበረው። ሕግ ይውጣልን ነው የምለው! ይሄ ይፈቀዳል፣ ይሄ አይፈቀድም የሚል ግልጽ መስመር ለትምህርት ቤቶች ይሰመር። መከልከል ከማስተማር ስለቀለለ ብቻ አትከልክሉ።

በአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ የኛ ነው ብለን ደረታችንን እንነፋለን። በዚሁ መንገድ ቁልቁል፣ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አዲስ ግዙፍ ኤርፖርት ታቅዷል። ማን ሊሰራበት ነው? የገላን ልጅ ሻንጣ ሊጭን ብቻ?

ደግሞስ እዚሁ ጎረቤታችን አቃቂ ምን እንደነበር ረሳችሁ? «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እዚሁ አገር ተገጣጥማ በ1928 ዓ.ም ከአቃቂ ሜዳ በራለች። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ነው የሠራት። ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም አስገባት፤ በጥር 2016 ተመለሰች ሲባል ፕሮፋይላችሁን በፎቶዋ ያጌጣችሁ እናንተ ናችሁ። ከ90 ዓመት በፊት የተሰራውን ክንፍ ታከብራላችሁ፣ ዛሬ ልጅ የሚሰራውን በቃለ ጉባኤ ትከሳላችሁ። በ2007 ዓ.ም አስመላሽ ዘፈሩ በመጽሐፍና በዩቲዩብ ተምሮ የራሱን አውሮፕላን ሰርቶ ሊያበር ሲሞክር ፕሮፔለሩ ተሰበረበት። ፊቱ አስተማሪ፣ አጠገቡ ወርክሾፕ ቢኖረውስ ኖሮ?

እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ስብሰባው ላይ ይሄም ተነስቷል፤ አልተቀየምኩም። ግን ከትናንት ጀምሮ ስቶሩ ተቆልፏል። ዛሬ የጋሪው ልጅ ክፍል አልመጣም። ፋብሪካ ሥራ ሊገባ እንደሚያስብ ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በቁልፉ ምክንያት ነው አልልም። ግን ጓደኞቹ ከዚህ ስቶር በቀር ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚፈልገው ነገር አልነበረም ይላሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን መልሱልኝ። በጀት አልጠየቅኩም፣ አበል አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ማሳው ላይ ነን። የፎሞቹን ይዘን እንመጣለን፤ እነሱ አልተቆለፈባቸውም። ቃለ ጉባኤ ያዡም ይምጣና 19 ሴኮንዱን ይመዝግብልን።