ሱቁ ባዶ፣ ስልኩ ሙሉ

መርካቶ በናሙና መነገድን ያውቅበታል። ደላላው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ ነጋዴው ዳስሶ፣ ተከራክሮ ያዛል። አሁን ናሙናው በስልክም ይመጣል። በአሜሪካ ለትምባሆና ለካናቢስ መሸጫዎች አከፋፋዮች አዲስ ዕቃ በቪዲዮ ያሳያሉ። እዚያ በብዙ ግዛቶች ሕጋዊ ንግድ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ካናቢስ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ያስቀጣል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የሺሻውን ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትም መሸጥም ከልክሏል። ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም እንዲሁ። ተራው ሲጋራ እንኳ ከ21 ዓመት በታች ላለ አይሸጥም፤ ማስታወቂያው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክልክል ነው።

ታዲያ ተቆጣጣሪ የሚፈትሸው መደርደሪያ ነው። ቪዲዮው ዕቃው ጉምሩክ ሳይደርስ ገዢ ያዘጋጃል። የፍራፍሬ ሥዕልና ያማረ ጭስ ይታያል፤ ኒኮቲኑ አይታይም። ተመልካቹ እሑድ ከእኛ ጋር የሚዘምር ልጅ ሊሆን ይችላል።

መርካቶ ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ «እኔ አላስመጣሁም፣ ቪዲዮውን ለደንበኛ አስተላለፍኩ እንጂ» የሚል መልስ ይሰማል። ለእኔ ግን ይህ ማሻሻጥ ነው። ዕቃውን ሳይነካ ኮሚሽን የሚቀበል ደላላ በየተራው አለ፤ በሽያጩ የለበትም የሚል ነጋዴ ግን አይገኝም።