መሪው ሲንኳኳ ማን ይሰማል?

ስለ ሞተር ሳይክል አደጋ ሲወራ ጣታችንን ቶሎ የምንቀስረው ሞተረኛው ላይ ነው። ፈጥኖ ነው፣ ሄልሜት አላደረገም፣ በመኪና መሃል ሲሹለከለክ ነው። ልክ ነው፣ ይሄ ሁሉ አለ። እኔ ግን ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ማንም ልብ ስለማይለው አንድ ዕቃ ነው፤ ስለ መሪው ኩሽኔታ።

ሞተር የምትነዱ ታውቁታላችሁ። የማትነዱ ደግሞ በስልካችሁ ያዘዛችሁትን ምሳ የሚያመጣላችሁ ልጅ በየቀኑ ነፍሱን የሚያምነው በዚህ ዕቃ ነው። መሪውን፣ ፎርኩንና የፊት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ የሚዞረው ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ኩሽኔታዎች ላይ ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ላይ ኩሽኔታው በሁለት የብረት ሳህኖች መሃል የተደረደሩ ጥቃቅን የብረት ኳሶች ማለት ነው። ቀላልና ርካሽ አሠራር ነው። ጠላቶቹ ግን ምትና ውሃ ናቸው፤ እኛ ጋ ደግሞ ሁለቱም ሞልተዋል።

ኮብልስቶኑ፣ ጉድጓዱ፣ የፍጥነት መቀነሻው ሁሉ ይመታዋል። ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ኳሶቹ ሳህኑን የሚቀጠቅጡት ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ነው። ቀስ በቀስ ሳህኑ ይጎደጉዳል። ውሃው ደግሞ የሚመጣው ከዝናብ ብቻ አይደለም፤ ላቫጆ ላይ ባለ ኃይለኛ ውሃ መሪው አንገት ላይ በቀጥታ ሲለቀቅ ግራሶው ይታጠባል፣ ውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ዝገት ይጀምራል። ከላይ ሞተሩ ያብረቀርቃል።

ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሞተሩን በመሃል መቆሚያው አቁሙት፤ ጓደኛችሁ ከኋላ ጫን ይበልና የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ፎርኩን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊት ግፉ፣ ወደ ኋላ ሳቡ። «ቋ» ካለ ወይም መላወስ ከተሰማችሁ ላልቷል። ድምፁ ከፎርኩ ከራሱም ሊመጣ ስለሚችል ሲገፋና ሲሳብ ሌላ ሰው ጣቱን ከመሪው ስር መጋጠሚያው ላይ ያሳርፍ፤ መላወሱ ከየት እንደሆነ እዚያ ይለያል። ቀጥሎ መሪውን በጣት ብቻ ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ሳይይዝ መሄድ አለበት። መሃል ላይ ሲደርስ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቁጭ የሚል ከሆነ ሳህኑ ተበልቷል፤ ነገሩ ከማጥበቅ አልፏል።

የእኔ ጠብ እዚህ ጋ ነው። ደንበኛው «ይንኳኳል፣ አጥብቅልኝ» ይላል፣ ጋራዡ ያጠብቃል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። የተበላ ኩሽኔታ ሲጠብቅ ግን መሪው መሃል ላይ ይያዛል። ሁለት ጎማ ሳይወድቅ የሚሄደው መሪው ሳናስበው በየቅጽበቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተስተካከለ ስለሆነ፣ መሪው ሲያዝ ሞተሩ እንደ ሰካራም ይዋልላል። የላላው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ይንኳኳል፣ ፍጥነት ሲቀንስ መሪውን ያንቀጠቅጣል። እንግዲህ ምረጡ።

ትክክለኛው አስተካከል ትዕግስት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ከላይ ያለው ትልቁ ዳዶና ፎርኩን ከላይ የሚይዙት ብሎኖች ይላላሉ። ከስር ያለው ባለ ጥርስ ቀለበት በመንጠቆ ቁልፍ በጥቂቱ፣ የአንድ ዙር ስምንተኛ ያህል እያሉ ይዞራል። ከዚያ ላዩ ይጠብቅና ፍተሻው እንደገና ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ምክንያቱም ትልቁ ዳዶ ሲጠብቅ ቀለበቱን ጨምሮ ይጫነዋል። ይህን ሥራ በመሮና በመዶሻ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። የቀለበቱ ጥርስ አንዴ ከተበላ በኋላ ለሚመጣው መካኒክም ከመዶሻው ሌላ ምርጫ አይኖረውም።

ግን ወጪው የማን ነው? ብዙ ወጣቶች የሚነዱት የሰው ሞተር ነው፤ ማታ ማታ ገቢ ያስገባሉ። ባለቤቱን ስታናግረው «እየሄደ አይደል እንዴ?» ይልሃል። ልጁ ደግሞ ለሰው ንብረት ከኪሱ አውጥቶ፣ የቀኑን ሥራ ጥሎ ጋራዥ የሚውልበት ምክንያት አይታየውም። ዘይት በሰዓቱ የሚቀየረው ኤንጂን ከነከሰ ገቢው በዚያው ቀን ስለሚቆም ነው። ኩሽኔታ ግን ገቢ አያቆምም፤ የሚንቀጠቀጠው የልጁ እጅ እንጂ የባለቤቱ ኪስ አይደለም። ለዚህ ነው ወጪውም ኃላፊነቱም የባለቤቱ መሆን አለበት የምለው። ልጁ የት እንደደረሰ በስልክ ደቂቃ በደቂቃ የሚከታተል አሠሪም በወር አንዴ «ፎርኩን ነቅንቀኸዋል?» ብሎ መጠየቅ አያቅተውም። ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ እንደሆነ በዓመት አንዴ ነው፤ ኩሽኔታ የምርመራ ቀን ጠብቆ አይላላም።

የሚቀየር ከሆነ ደግሞ ሙሉውን ነው፤ የላዩም የታቹም፣ ኳሱም ሳህኑም። በተጎደጎደ ሳህን ላይ አዲስ ኳስ መደርደር ገንዘብ መጣል ነው። መለዋወጫ ሱቅ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ የኳሶቹ መጠንና ብዛት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ሻጩም በግምት ሊሰጣችሁ ይችላል።