የተነጠቀው መንጃ ፈቃድና የሐኪሙ ጥያቄ



በዚህ ወር የመረጥነው ርዕስ ብዙዎቻችን «የእኛ ቤት ጉዳይ አይደለም» ብለን የምናልፈው ነው። ኸምር በሙስሊም ቤት ደጃፍ አይረግጥምና ጠጥቶ ስለ መንዳት፣ መንጃ ፈቃድ ስለ መነጠቅና እሱን ለማስመለስ ስለሚደረገው የሐኪም ምርመራ መነጋገር ለሌላው የተተወ ይመስለናል። ይሁንና በለንደን የምትኖር አንዲት እህታችን የላከችልን ደብዳቤ ይህን አስተሳሰባችንን አናግቶታል። ስሟ እንዳይጠቀስ በጠየቀችው መሠረት ፍሬ ነገሩን ብቻ እናቀርባለን።

ታናሽ ወንድሟ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ሾፌር ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አምሽቶ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። ትንፋሹ ሲለካ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 94 ማይክሮግራም አልኮል ተገኘበት። ፍርድ ቤት ቀርቦ የገንዘብ መቀጮና የሁለት ዓመት እገዳ ተፈረደበት፤ ሥራውንም አጣ። ለእናታቸው የነገሯቸው ግን «ድርጅቱ ሠራተኛ ቀነሰ» የሚል ነው። እህታችን እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ከሶላት በኋላ እጇን አንሥታ ለልጇ የሥራ በር እንዲከፈትለት ዱዓ ታደርጋለች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አሚን እላለሁ። እውነቱን ግን አውቀዋለሁ።»

አሁን የእገዳው ጊዜ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ ፈቃዱ የሚመለሰው የሐኪም ምርመራ ሲያልፍ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰው። እህታችን የጠየቀችን ሦስት ነገር ነው። ቅጣቱን ከጨረሰ ምርመራው ለምን አስፈለገ? አንድ ጓደኛው «ሦስት ሳምንት ተወውና ሂድ፤ ሐኪሙንም ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም በለው» ብሎ መክሮታል፤ ይህ ያዋጣል ወይ? እናታችንስ ማወቅ አለባት ወይ?

ምርመራው ለምን?

በእንግሊዝና በዌልስ ለሾፌር የተፈቀደው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ትንፋሽ 35 ማይክሮግራም፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ደግሞ 80 ሚሊግራም አልኮል ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህንን ወደ 22 ማይክሮግራምና ወደ 50 ሚሊግራም ዝቅ አድርጋዋለች። ከጣሪያው ያለፈ ሁሉ ቢያንስ ለ12 ወር ይታገዳል። በ10 ዓመት ውስጥ ከደገመው ደግሞ እገዳው ከሦስት ዓመት አያንስም።

ከእነዚህ ታጋጆች መካከል «ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው» ተብለው የሚለዩ አሉ። እነርሱም ትንፋሻቸው 87.5 ማይክሮግራም ወይም ደማቸው 200 ሚሊግራም የደረሰ ወይም ያለፈ፣ በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተፈረደባቸው፣ እንዲሁም ለፖሊስ ናሙና አንሰጥም ያሉ ወይም የተወሰደ ደማቸው እንዳይመረመር የከለከሉ ናቸው። 87.5 ማለት የ35 ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የወንድማችን 94 እዚህ ውስጥ ይገባል።

እንግዲህ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አልኮል ያልለመደ ሰው ይህን ያህል ቢጠጣ መሪ መያዝ ቀርቶ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተዋል። ያን ያህል ጠጥቶ መኪና አስነሥቶ የሄደ ሰው፣ ሰውነቱ መጠጡን ተላምዶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍርድ ቤት የጠየቀው «ምን አደረግህ?» ብሎ ሲሆን ሐኪሙ የሚጠይቀው «አሁንስ ከመጠጥ ጋር በምን ሁኔታ ላይ ነህ?» ብሎ ነው። የመጀመሪያው ቅጣት፣ ሁለተኛው ጥበቃ ነው። ከእ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 2013 ወዲህ የተፈረደበት የዚህ ክፍል ታጋጅ፣ ምርመራውን ሳያልፍ የእገዳው ቀን ቢያልቅም እንኳ መሪ መያዝ አይፈቀድለትም።

አንዳንዱ ፍርድ ቤቱ የፈቀደለትን የትምህርት ኮርስ ጨርሶ እገዳውን እስከ ሩብ ያሳጥራል። ኮርሱ ግን የምርመራው ምትክ አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ሐኪሙ ምን ያያል?

ምርመራውን የሚያደርገው ዲ ቪ ኤል ኤ የተባለው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የመደበው ሐኪም ሲሆን፣ ወጪውን የሚሸፍነው ራሱ ታጋጁ ነው። ማመልከቻውን እገዳው ሊያበቃ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ጉዳዩ ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል የመጨረሻውን ሳምንት መጠበቅ አይበጅም።

ምርመራው ሦስት ነገር ይይዛል። አንደኛው ስለ ጤና ታሪክና ስለ መጠጥ ልማድ የሚሞላ መጠይቅ፣ ሁለተኛው የአካል ምርመራ፣ ሦስተኛው የደም ምርመራ ነው። በደሙ ውስጥ የሚፈለገው ሲ ዲ ቲ የተባለ ምልክት ነው። ጉበት የሚሠራውና በደም ውስጥ ብረትን ተሸክሞ የሚዞር ትራንስፈሪን የተባለ ፕሮቲን አለ። ሰው ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የዚህ ፕሮቲን አሠራር ይጎድላል፤ ጎደሎውም በደም ውስጥ ይበዛል። መጠጡ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ውጤቱ የመጠጥ ብልሹነትን ካሳየ ፈቃዱ አይሰጥም። ለተራ መኪና ሾፌር ቢያንስ ስድስት ወር፣ የመጠጥ ጥገኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ፈጽሞ ሳይጠጣ አንድ ዓመት መቆየት ይጠበቅበታል። ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሾፌር ጊዜው ወደ አንድ ዓመትና ወደ ሦስት ዓመት ከፍ ይላል። በለንደን የታክሲ ፈቃድ የሚፈልግም የሚመዘነው በዚሁ በጠበቀው የጤና መስፈርት ነው።

በጀርመን ለሚኖሩ አንባብያንም አንድ ነገር እናክል። በዚያ አገር በደሙ 1.6 ፕሮሚል አልኮል የተገኘበት ሰው፣ በብስክሌት ላይ እንኳ ቢሆን፣ በሐኪምና በሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ቀርቦ መመርመር ግዴታው ነው። መጠጥ ማቆሙንም በድንገት ተጠርቶ በሚሰጠው ሽንት ወይም በፀጉሩ ሊያስመሰክር ይችላል። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ የወራት ታሪክ ይናገራል።

«ሦስት ሳምንት ተወውና ሂድ»

ወደ ጓደኛው ምክር እንመለስ። ሲ ዲ ቲ በጥቂት ሳምንታት ይወርዳል ብለናል። ታዲያ ምክሩ አይሠራም ወይ? ምናልባት ደሙን ሊያጠራው ይችላል። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያየው ደሙን ብቻ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ የፖሊሱን ልኬት ያውቃል፣ አስፈላጊ ሲሆንም ከቤተሰብ ሐኪሙ መረጃ ሊጠይቅ ይችላል። «አልጠጣም» ያለ ሰው ፊት 94 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ፈቃድ ለማግኘት ሲባል የሐሰት ቃል መስጠት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን በድንገት ቢያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ ሊቃዥና የሚጥል ሕመም ሊነሣበት ይችላል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። እንዲህ ያለው ሰው ማቆም ያለበት በሐኪም ክትትል ነው። ስለዚህ «ተወውና ሂድ» የሚለው ምክር እንኳን ለመንጃ ፈቃድ፣ ለነፍስም አይበጅም። ወንድማችን በሳምንት አንድ ቀን ይሁን በየቀኑ ይጠጣ የነበረው፣ ዛሬስ ትቶት ይሁን አይሁን፣ እህታችን በደብዳቤዋ አልነገረችንም። መጀመሪያ እሱን በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም በለው» የሚለው ምክር ደግሞ እኛን ከሁሉ በላይ አሳዝኖናል። ዲን ለእውነት ምስክር ሆኖ ይጠራል እንጂ ለውሸት መሸፈኛ አይሆንም። ወንድማችን በእውነት ትቶት ከሆነ «ጠጥቼ ነበር፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ ትቻለሁ፣ እምነቴም ይከለክለኛል» ብሎ መናገር ይችላል። ይህ ውርደት አይደለም። አሁንም እየጠጣ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊቱ ያለው ሐኪም ሊረዳው የሚችል ሰው ነው። ሪፖርቱም የሚሄደው ወደ መሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ሰፈር አይደለም።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

የኸምር ክልክልነት በሱረቱል ማኢዳህ ቁጥር 90 ተቆርጦ የተነገረ ስለሆነ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም። ይሁን እንጂ በቡኻሪ ሐዲሥ ውስጥ የምናገኘውን አንድ ታሪክ እናስታውስ። በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ የተቀጣን አንድ ሰው ከሶሐቦች አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳይረግሙት ከለከሉ፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድም መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ከኅብረተሰቡ ግን አልተጣለም። ለዛሬው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አናውቅም።

እናትን በተመለከተ የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። የወንድምን ነውር መሸፈን ተገቢ ነው፤ እህታችን ያለ ፈቃዱ እናቷ ዘንድ ሄዳ እንድትዘረግፈው አንመክርም። ነገር ግን መሸፈን ሌላ፣ ውሸት መደራረብ ሌላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ምክንያት አትፍጠሩላቸው። ወንድማችን ራሱ፣ ተውባ ካደረገና ከምርመራው ቀን በፊት ልቡ ከረጋ፣ ለእናቱ በራሱ አንደበት ቢነግራቸው መልካም ነው እንላለን። እናት ያዝናሉ፤ ሊቆጡም ይችላሉ። ነገር ግን የሚያደርጉት ዱዓ ትክክለኛውን በር ያገኛል። ከዚህ በተረፈ በዲኑ በኩል ያለውን ዝርዝር በአቅራቢያችሁ ያሉትን ዑለማዎች ጠይቁ።

በተግባር ደግሞ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ፈቃዱ በሕግ እስኪመለስ ድረስ «ለመስጊድ ብቻ»፣ «ለሆስፒታል ብቻ» ብላችሁም ቢሆን የመኪና ቁልፍ አትስጡት። በእገዳ ላይ ሆኖ መንዳት በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ስድስት ወር እስራት ያስከትላል፤ መድንም አይኖረውም። ሁለተኛ፣ ወደ ምርመራው ብቻውን አይሂድ፤ እህቱ ወይም አንድ የሚያምነው ወንድም እስከ በሩ ይሸኘው። ሦስተኛ፣ ውሎውና አምሽቶ መግቢያው ካልተለወጠ የደሙ መጥራት ብቻውን አይበቃም። ከዚሮቹ ጋር ያመሸበት የነበረውን ሰዓት የሚሞላ ሌላ ነገር፣ ጀመዓም ይሁን ትምህርት ወይም ስፖርት፣ ያስፈልገዋል።

ለወጣቶቻችንም አንድ ቃል እንጨምር። ጉበት አልኮልን የሚያስወግደው በራሱ ዝግታ ነው፤ በሰዓት ስምንት ግራም ያህል ብቻ። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፈጥነውም። ሌሊት የጠጣ ሰው ጠዋት «ነቅቻለሁ» ብሎ መሪ ሲይዝም ሊያዝ ይችላል። የዚህ ጥፋት ምልክት በመንጃ ፈቃድ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ይህ ግን ሕይወት ሳይጠፋ በቅጣት ብቻ ለተረፈው ነው። እህታችን ወንድሟን ያስቆመው ፖሊስ መሆኑን ታስብ፤ መንገድ የሚያቋርጥ የሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ የምትጽፍልን ደብዳቤ ሌላ ይሆን ነበር። ለዚህም አልሐምዱሊላህ እንላለን።

እህታችን ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እናትሽ እጃቸውን ሲያነሡ አሚን በይ። ከዚያ ተነሥተሽ ወንድምሽን አነጋግሪው።

አላህ (ሱ.ወ.) ልባችንን ያጽናልን። ወሏሁ አዕለም።